አያቴን “ስፓኒሽ ነው የምማረው” አልኳት

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ያስለመደችኝ እናቴ ናት፤ ስለዚህ ስሜን እንዳያወጡብኝ አደራ።

ዕድሜዬ 20 ነው። ከአዲስ አበባ የመጣሁት በ9 ዓመቴ ሲሆን አሁን ሜሪላንድ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዋናው ትምህርቴ የሕብረተሰብ ጤና ነው። ለመመረቅ አራት ሴሚስተር የውጭ ቋንቋ መውሰድ ግዴታ ነው። ስመዘገብ ስፓኒሽ ሞልቶ ነበር፤ ከሰዓቴ ጋር የሚገጥም ክፍት ቦታ ያገኘሁት ጣሊያንኛ ላይ ብቻ ነው። እንደምንም ጨርሼ እገላገለዋለሁ ብዬ ገባሁበት። አልተገላገልኩም፤ ወደድኩት። አውቶቡስ ውስጥ ሳይታወቀኝ ግስ አረባለሁ። ይኸው አሁን መካከለኛው ደረጃ ላይ ደርሻለሁ።

ችግሩ ያለው ቤት ነው። አያቴ፣ እማማ ነው የምላት፣ ከእኛ ጋር ትኖራለች። የተወለደችው ሰኔ 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው። አባቷ የካቲት 12 ቀን ጠዋት ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ እናቷ ያኔ እሷን አርግዛ ነበር። አስከሬኑም አልተገኘም። እማማ በየዓመቱ የካቲት 12 ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እህል ሳትቀምስ ትውላለች። አታለቅስም፣ አታወራም። እኛም አንጠይቃትም።

መጀመሪያ ሴሚስተር ላይ “ምን ምን ያስተምሩሻል?” ስትለኝ ሌላውን ሁሉ ነግሬያት ቋንቋው ላይ ስደርስ “ስፓኒሽ” አልኳት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። “ጎበዝ፣ ለሥራም ይጠቅምሻል” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየባሰ ሄደ። ጎረቤታችን የኤል ሳልቫዶር ሴት ናት፤ አንድ ቀን እማማ “ነይ አስተርጉሚልኝ” ብላ ጠራችኝ። ምን ላድርግ፣ በጣሊያንኛ አዋራኋት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ብታየኝም ግማሹ ገባት መሰለኝ፤ ስለ ቆሻሻ ገንዳው ተግባባን። እማማ በኩራት ስታየኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከአንድ ወር በፊት ደግሞ መምህራችን፣ በጣም ጥሩ ሰው ናት፣ በዕለት ተዕለት ንግግር የሚዘወተሩ አስቂኝ ቃላት የተጻፉበት ወረቀት አደለችን። አንዱ “አምባራዳን” ይላል። ትርምስምስ፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ማለት ነው አለችን። ቦርሳዋን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ “ኬ አምባራዳን!” ስትል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ከየት የመጣ ቃል ነው ብዬ ስፈልግ አምባ አራዶም ሆኖ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ አፌ አልከፈት ብሎኛል። የጽሑፍ ፈተና ላይ ደህና ነኝ፤ ተናገሪ ስባል ግን የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል።

አሁን ሁለት ነገር መጥቶብኛል። መምህሯ በሚቀጥለው ዓመት አንድ ሴሚስተር ቦሎኛ ሄጄ እንድማር እንዳመለክት ነግራኛለች፤ ማመልከቻው የሚዘጋው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ ላይ በሴሚስተሩ መጨረሻ በመረጥነው የባህል ርዕስ የ15 ደቂቃ ገለጻ በጣሊያንኛ ማቅረብ አለብን። እኔ ማንንም አይነካም ብዬ “ማኪያቶና የካፌ ባህል” የሚል አስመዝግቤያለሁ። ጓደኛዬ “አለፈ እኮ፣ ታሪክ ነው” ትለኛለች። የአጎቴ ልጅ ደግሞ “ከአድዋ በኋላ ጣሊያንኛ?” ብሎ ሳቀብኝ። ትምህርቱን ልተወው? ለእማማ ልንገራት? ማታ ማታ እግሯን በቪክስ የማሻት እኔ ነኝ፤ ዓይኗን ማየት አቅቶኛል።

አፌ የተያዘው፣ ከሜሪላንድ

የኔ ልጅ፣

የቆሻሻ ገንዳው ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅር በይኝ። ከስፓኒሽ ተናጋሪ ጋር በጣሊያንኛ ስለ ቆሻሻ ገንዳ ተግባብቶ የመጣ ሰው “አፌ ተይዟል” ቢለኝ ለማመን ይከብደኛል። አምባራዳን ጋ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ። እኔም በዚያ ቃል ስቄ አውቃለሁና።

በወጣትነቴ ጣሊያን አገር የቋንቋ ተማሪ ነበርኩ። አከራዬ የነበሩት አሮጊት መሳቢያቸውን በከፈቱ ቁጥር ይህችን ቃል ይሏት ነበር፤ እኔም ተቀብዬ እላት ነበር። ምን እያልኩ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ሳውቅ ምን እንደተሰማኝ ለአንቺ መዘርዘር አያስፈልገኝም። አንቺ የሳቅሽው ሳታውቂ ነው፤ ባወቅሽ ማታ ደግሞ እንቅልፍ አጥተሽበታል። በዚህ የምትጸጸቺበት ምንም ነገር አይታየኝም።

የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ አምባ አራዶም ከመቀሌ በስተደቡብ ያለ ተራራ ነው። የካቲት 1928 ዓ.ም. የራስ ሙሉጌታ ጦር እዚያ መሽጎ ሳለ የጣሊያኑ ማርሻል የባዶልዮ ጦር በመድፍና በአውሮፕላን ደብድቦ በተነው። ጣሊያን በዚያ ጦርነት የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን በመንግሥት ደረጃ ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ 60 ዓመት ቆይታ ማለት ነው። በመሃሉ የተራራው ስም ከአፍ ወደ አፍ ሲንከባለል የተዝረከረከ መሳቢያ ስም ሆኖ ቀረ። መምህርሽ ይህን ታውቃለች? አይመስለኝም። እዚያው ጣሊያን ውስጥ እንኳ ቃሉን በቀን ሦስት ጊዜ እያለ ከየት እንደመጣ ጠይቆ የማያውቅ ሞልቷል።

ወደ አንቺ ልመለስ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ እማማ አባት የምታውቂው ጠዋት መውጣቱንና አለመመለሱን ብቻ ነው። ስሙንማ ታውቂዋለሽ፤ ክሊኒኩም፣ ፋርማሲውም፣ ኢሚግሬሽኑም እማማን በሙሉ ስሟ ሲጠሯት የሚጠሩት እሱን ነው። ግን ሥራው ምን ነበር? ቤታቸው የት ነበር? የዚያን ዕለት ጠዋት ወዴት ሊሄድ ነው የወጣው? ለድሆች ምጽዋት ይታደላል ተብሎ ብዙ ሰው ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ የሄደበት ቀን ነበር፤ እሱም ወደዚያ ሄዶ ይሁን ወይም ሥራ ውሎ ሊገባ፣ እማማ ምናልባት ከእናቷ የሰማችው ነገር ይኖራል። አንቺ አልጠየቅሽም። እናትሽም አልጠየቀችም ይሆናል። አልፈርድባችሁም፤ ብዙ ቤት እንዲሁ ነው፣ የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር።

ይህን የማነሳው የአፍሽ መያዝ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ቤት የጀመረ ስለሚመስለኝ ነው። “ስፓኒሽ” ያልሽ ቀን አንድ በር ዘጋሽ፤ አምባራዳን ያልተናገርሽው ሌላ ነገር ሆኖ ሲጨመርበት ቋንቋው መውጫ አጣ። ሰዋስው ብታጠኚ ይህን አይፈታልሽም። ስለዚህ ቅድሚያውን ለእማማ እንስጠው።

እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ የምትፈሪው ቁጣዋን ነው ወይስ ዕንባዋን? ቁጣዋን ከሆነ ቀላል ነው። ትቆጣለች፣ ምናልባት አንድ ሳምንት ታኮርፍሻለች፣ እግሯ ሲያማት ትጠራሻለች። ዕንባዋን ከሆነ ግን ትንሽ ቆም እንበል። ለምን እንደማታወራ አንቺም አታውቂም። ስለማትፈልግ ሊሆን ይችላል። ጠያቂ ስላጣችም ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ እናንተ ግን የመጀመሪያው ነው ብላችሁ ወስናችሁላታል።

የእናትሽ እናት ትሁን የአባትሽ አልነገርሽኝም። የማንኛቸውም ትሁን፣ መጀመሪያ ለልጇ ንገሪ። ብቻሽን ተሸክመሽው ከርመሻል፤ በዚያ ላይ ትልቅ ሰው ከፍቷት ብታድር ቤት ውስጥ ምክንያቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው መኖር አለበት። ከዚያ አንድ ማታ፣ ቪክሱን ስታነሺ ንገሪያት። ለምን ያኔ? ዓይኗን ማየት አቅቶኛል ብለሽ የለ፤ እግር እያሹ ዓይን ማየት ግድ አይደለም። እጅሽ ሥራ ላይ ነው፣ እሷም ዘና ብላለች።

ንግግርሽ አጭር ይሁን። “እማማ፣ አንድ ነገር ዋሽቼሻለሁ። የምማረው ስፓኒሽ ሳይሆን ጣሊያንኛ ነው። የዋሸሁሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።” ከዚያ ዝም በይ። “ግን” ብለሽ ምንም አትቀጥዪ፣ ማሸትሽንም አታቁሚ። “ልማር ወይስ ልተው?” ብለሽ ፈቃድ አትጠይቂያት፤ ሰኔ 1929 የተወለደች ሴት በዚህ ዕድሜዋ ስለ ኮርስ ምዝገባሽ እንድትፈርድልሽ ማድረግ ሸክም ማሸከም ነው፤ ተዪው ብትልሽ ደግሞ ምን ልታደርጊ ነው? ቦሎኛንም በዚያው ማታ አታንሺባት። የካቲት 12ም እስኪያልፍ ጠብቂ ወይም ከዚያ በደንብ ቀድመሽ ንገሪያት።

አንድ ነገር ደግሞ ለራስሽ ብቻ። ቪክሱ ያለው ኮመዲኖው ላይ ነው አይደል? ከማሸትሽ በፊት ካልሲዋን ታወልቂላታለሽ። ኮመዲኖም ካልሲም ጣሊያንኛ ናቸው። እማማ ቦርሳ፣ ፋሻ፣ ጣውላ፣ ፉርኖ ዱቄት እያለች ነው ዕድሜዋን የጨረሰችው። ይህን አንስተሽ “አንቺም ትናገሪዋለሽ እኮ!” ብለሽ እንዳትከራከሪያት፤ እንዲያ ያለ ብልጠት የሰው ሐዘን ላይ አያምርም። ቋንቋውን እናንተ ቤት ያስገባሽው አንቺ አለመሆንሽን ብቻ እወቂው።

ከነገርሻት በኋላ ቀናት ይለፉ። ከዚያ አንድ ማታ “አባትሽ ሥራው ምን ነበር?” በያት። “ተይኝ” ካለችሽ ተያት፤ በማግስቱ ቪክሱን እንደወትሮሽ ይዘሽ ግቢ። ካወራች አትጻፊ፣ ስልክ አውጥተሽም አትቅረጪ፤ መጀመሪያ ስሚያት። መቅረጹ ፈቅዳልሽ ሌላ ቀን ይደርሳል።

የአጎትሽን ልጅ በተመለከተ፣ አድዋን ካነሳ አይቀር ውጫሌን ጠይቂው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መላላክ “ይቻላቸዋል” ይል ነበር፤ ጣሊያኖቹ ግን የእነሱን ጽሑፍ እንደ ግዴታ ቆጥረው ኢትዮጵያ በእኛ ጥበቃ ሥር ናት ብለው ለአውሮፓ አወጁ። ጦርነቱ ብዙ ምክንያት ነበረው፤ የፈነዳው ግን በአንድ ግስ ላይ ነው። ያኔ ቤተ መንግሥት ውስጥ እንዳንቺ መካከለኛ ደረጃ የደረሰ፣ ግስ የሚያረባ ልጅ ቢኖር ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። የጋዙም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሙሶሊኒ ጋዙን የፈቀደባቸው ቴሌግራሞች የተጻፉት በጣሊያንኛ ነው። ከየመዝገብ ቤቱ አውጥቶ ለአደባባይ ያበቃቸው አንጄሎ ዴል ቦካም ጣሊያናዊ ነበር፤ የገዛ አገሩ የጦር ዘማቾች እየሰደቡት ለአሥርት ዓመታት በጣሊያንኛ ሲጽፍ ኖሯል። እማማ ያላወቀችውን አባቷን የቀበረ ታሪክ የሚነበበው በዚህ ቋንቋም ነው። ጓደኛሽ “አለፈ እኮ” ስትል ደግሞ ዝም ብለሽ እለፊያት፤ በደግነት ነው የምትልሽ።

ከዚህ ቀጥሎ የምነግርሽ ነገር ለእኔ ራሴ ያኔ ጠቅሞኛል። ጣሊያን በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ደረጃው ላይ ሳገኝ “ቻው!” አልኳቸው። እኛ ቻውን የማንለው የለም፣ ለቄስም እንላለን። እሳቸው ቆም አሉና ባርኔጣቸውን ነክተው “ቡዎንጆርኖ፣ ሲኞሪና” አሉኝ፤ እያንዳንዷን ፊደል ረግጠው። ቻው ለእኩያ፣ ለጓደኛ እንደሆነች፣ ሲገናኙም ሲለያዩም እንደምትባል ያኔ ገባኝ። እንዴት አፈርኩ መሰለሽ! ለካ እነሱም አንቱታ አላቸው። “ሌይ” የምትሏት ማለት ነው፤ “እሷ” በሚል ቃል ትልቅ ሰው ማክበር። አሜሪካውያን የክፍል ጓደኞችሽ ስንት ወር ይታገሏታል፤ አንቺ ግን “እርስዎ” እና “እሳቸው” እያልሽ ስላደግሽ የት እንደምትገባ ሳይነግሩሽ ይሰማሻል። እና ምን ሆነ መሰለሽ፣ ፋሺስቶቹ እ.ኤ.አ. በ1938 “ሌይ ከውጭ የመጣ፣ ለወንድ የማይሆን አነጋገር ነው፤ ቮይ፣ ማለትም ‘እናንተ’ በሉ” ብለው ዘመቻ ከፈቱ። በየመሥሪያ ቤቱና በየጋዜጣው አስገደዱ። እነሱ ወደቁ፤ አንቺ ዛሬ ሜሪላንድ ቁጭ ብለሽ የምትማሪው ሌይን ነው። ቋንቋው የእነሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልታገሉት ነበር።

አሁን ወደ መካከለኛው ደረጃ፣ ማለትም ወደ ጉሮሮሽ እንምጣ። ጽሑፍ ላይ ደህና ሆኖ ንግግር ላይ መጥፋት በዚህ ደረጃ ያለ ተማሪ ሁሉ የሚያልፍበት ነው፤ ሁሉም በአምባራዳን ምክንያት አይደለም። የጀማሪው ደስታ አልቋል፣ የሰለጠነው ቅልጥፍና ገና አልመጣም። “ቺ” እና “ኔ” የሚባሉት ሁለት ትንንሽ ቃላት የት እንደሚገቡ ስታስቢ ዓረፍተ ነገሩ ያመልጥሻል። አንቺ ግን የማትቆጥሪው ሀብት አለሽ። ጣሊያንኛ ፊደል ሲጠብቅ ትርጉም ይለውጣል፤ “ኖኖ” ሲላላ ዘጠነኛ፣ ሲጠብቅ አያት ነው። የፈረንጅ ጆሮ ይህን ለመስማት ይቸገራል። አንቺ “ገና” ብለሽ በዓሉንና “ገና ነው”ን በማጥበቅና በማላላት ስትለይ ነው ያደግሽው። እንዲያውም የእነሱ ይሻላል፣ የጠበቀውን ደርበው ይጽፉታል፤ እኛ አንባቢው ይድረስበት ብለን እንተወዋለን።

የሚያግባባሽ ሰው ያስፈልግሻል፤ ግን የማያሳፍርሽ። ኔፕልስ ውስጥ “ሎሪየንታሌ” የሚባል ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አማርኛ ሲያስተምር ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እዚያ አስተምሯል። (በወረራው ጊዜ የማን ወገን እንደነበር የሚያውቁ አንባቢዎች አይቆጡኝ፤ የእሱ ነገር ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።) መምህርሽ እዚያ ካሉ የአማርኛ ተማሪዎች ከአንዷ ጋር እንድታገናኝሽ ጠይቂያት። በሳምንት አንድ ሰዓት በስልክ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በጣሊያንኛ። እሷ “ቀ” እና “ጠ” አልወጣ ብለዋት ስትታገል ስታያት የአንቺም ምላስ ይፈታል። ከሚስቅብሽ ሰው ጋር ሳይሆን አብራሽ ከምትሳሳት ጋር ማውራት ማለቴ ነው።

መምህርሽንም አነጋግሪያት። ክፍል ውስጥ፣ በሰው ፊት አይደለም፤ በቢሮ ሰዓቷ። ዓረፍተ ነገሩን ይኸው ልስጥሽ፦ “ፕሮፌሶሬሳ፣ ፖሶ ፓርላርሌ ዲ ኡና ፓሮላ?” ስለ አንድ ቃል ላነጋግርዎ? ከዚያ በኋላ ጣሊያንኛሽ ካልበቃሽ በእንግሊዝኛ ቀጥዪ፣ ማንም ነጥብ አይቀንስብሽም። ጥሩ ሰው ናት ብለሻል፤ ጥሩ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረው ይደነግጣል እንጂ አይቆጣም። ብትሳሳቺ ደግሞ፣ ማለትም ብታቃልለው፣ እሱንም ማወቅ ቦሎኛ ከመሄድሽ በፊት ይጠቅምሻል።

ገለጻውን ልለውጠው ወይ አላልሽኝም፤ እንድልሽ የፈለግሽ ግን ይመስለኛል። ማኪያቶ መጥፎ ርዕስ አይደለም። ቃሉ “ነጠብጣብ ያረፈበት፣ የቆሸሸ” ማለት እንደሆነ፣ የእነሱ ማኪያቶ ጠብታ ወተት የነካው ቡና ሆኖ የአዲስ አበባው ወተቱ የበዛ መሆኑን ነግረሽ በሰላም መቀመጥ ትችያለሽ። ክፍል ውስጥ ያለሽ ብቸኛ ኢትዮጵያዊት ስለሆንሽ የአገርሽ ጠበቃ ሆነሽ የመቆም ግዴታ የለብሽም፤ የደከመሽ ከሆነ ማኪያቶሽን አቅርቢ። እኔ ብሆን ግን ከማኪያቶ ተነስቼ ወደ ቃላቱ ራሳቸው እሄድ ነበር። እኛ ከእነሱ የወሰድነው ሲቆጠር ካቻቢቴ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ሲሚንቶ፣ አርማታ፣ ጋዜጣ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው የሠሯቸው ቤቶች ምህጻረ ስም ሰፈር ሆኖ ካዛንቺስ ተባለ። እነሱስ ከእኛ ምን ወሰዱ? ሮም ውስጥ ቪያሌ ኤትዮፒያ የሚባል ጎዳና አለ። ከባቡር ጣቢያው ከቴርሚኒ ስትወጪ የምታገኚው ሰፊ አደባባይ፣ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቼንቶ፣ “የአምስት መቶዎቹ” የተባለው ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸውን ወታደሮች ለማሰብ ነው። ሮም የሚያልፍ ሐበሻ ስንቱ እዚያ ተቀጣጥሮበታል! እና አንድ ተራራ ወሰዱ፣ ትርምስምስ አሉት። ይህ 15 ደቂቃ ይሞላል፣ ይተርፋልም። ሰዋስዉም በውስጡ አለ፤ “ነበር” የምትይው ሁሉ በኢምፐርፌቶ ይሄዳል፣ “ሆነ” የምትይው በፓሳቶ ፕሮሲሞ። አንድ ሰው በዚያን ዘመን ይኖር ነበር፣ ቤት ነበረው፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አንድ ቀን ጠዋት ወጣ። ስለ እሱ መናገር የምትፈልጊው በዚያ ክፍል ውስጥ ይሁን አይሁን ግን አሁን አትወስኚ።

ቦሎኛ። ማመልከቻውን አስገቢ። ማመልከት መሄድ አይደለም፤ ሲቀበሉሽ የሚያስይዙሽ ገንዘብ ይመለስ እንደሆነ ብቻ ቀድመሽ አጣሪ። ይልቅ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ሁለተኛው መንፈቅ ከሆነ የምትሄጂው፣ የካቲት 12 የሚውለው ቦሎኛ ሳለሽ ነው። እማማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትቀመጥ አንቺ እዚያ ትሆኛለሽ። ትችይዋለሽ? ምናልባት ትችያለሽ፤ ምናልባትም የዚያን ዕለት እዚያ መዋል ትፈልጊ ይሆናል። ብቻ ሳታስቢበት እንዳይደርስብሽ። የመጀመሪያው መንፈቅ ከሆነ ለገና ቤት ነሽ። የእማማ ዕድሜ ገፍቷል፤ አራት አምስት ወር ለእሷ አጭር አይደለም፣ ለአንቺም እንዳይቆጭሽ። ይህ ካስጨነቀሽ የክረምት አጭር ኮርስ የሚሰጡ የጣሊያን ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ፔሩጂያና ሲየና የውጭ አገር ሰው ለማስተማር የተቋቋሙ ናቸው። ሙሉውን ሴሚስተር ከመረጥሽ ከ90 ቀን በላይ ስለሆነ የተማሪ ቪዛ ያስፈልግሻል፣ እዚያ በደረስሽ በ8 የሥራ ቀን ውስጥም የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከት ግድ ነው። ቪዛው ጊዜ ይወስዳል፤ አሜሪካዊ ፓስፖርት ካልያዝሽ ደግሞ የበለጠ ቀደም በይ።

ከተማዋን ትወጃታለሽ ብዬ አስባለሁ። የመሃል ከተማው መንገድ አብዛኛው ቅስት ጣሪያ አለው፣ ዝናብ ቢዘንብ ጥላ ብዙም አያስፈልግሽም። ቺሬናይካ የሚባል ሰፈር አለ፤ የጎዳናዎቹ ስም በሙሉ ከቅኝ ግዛት የተወሰደ ነበር፣ ከጦርነቱ በኋላ ከተማው አንሥቶ ፋሺስቶችን የተዋጉ ሰዎችን ስም ሰጣቸው። ቪያ ሊቢያን ብቻ ተዉዋት። አዲስ አበባ ተወልዳ በጣሊያንኛ የምትጽፈው ጋብሬላ ገርማንዲም ኑሮዋ ቦሎኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ የደብረ ዘይት አንድ አርበኛ ሽማግሌ ታሪካቸውን ለአንዲት ልጅ አደራ ይሏታል። በመካከለኛ ደረጃ፣ መዝገበ ቃላት አጠገብሽ አድርገሽ፣ ቀስ ብለሽ ትዘልቂዋለሽ። እማማ ካወራችሽ በኋላ ግን አንብቢው፤ የእሷን በሌላ ሰው ታሪክ እንዳትሰሚው።

ሦስት ሳምንት ብለሻል፤ ማመልከቻውን ዛሬውኑ ጀምሪው። እማማን ያነጋገርሽ ቀን ደግሞ ቅድመ አያትሽ ሥራው ምን እንደነበር ጻፊልኝ። ዓምዱ ላይ አላወጣውም።